በሩ የት ሄደ?

መጋቢት 4
የሰው ሠርግ ቪዲዮ ስቆርጥና ስቀጥል ዋልኩ። ሙሽራው "አገጬን አሳጥርልኝ" ብሏል። አሳጠርኩለት። ሃያ ሁለት ዓመት ፊልም ሠርቼ... አገጭ።
ሚስቴ ሩንዢ ከሥራ ገብታ ድስቱን ከፈተች። ባዶ ነው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከስድብ ይከብዳል። ኑድል ቀቀልኩ። ጨው ረሳሁ።

መጋቢት 9
ለፊልም ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ ተደወለ። ሴትዮዋ ትሁት ናት፣ ድምጿ የሕፃናት ሐኪም ይመስላል።
"ዳይሬክተር ቺ፣ ከፊልምዎ የበሩን ትዕይንት ብቻ ያውጡት። ሌላው በጣም ደስ ይላል።"
እንዲህ ስትለኝ ሦስተኛ ዓመቷ። ትዕይንቱ እትዬ ኮው በተዘጋው የመዳብ ፋብሪካ በር ላይ፣ በረዶ ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱበት ነው። ውጭ አገር ሰው ተነሥቶ ያጨበጨበው ለእሱ ነው። እሱን አውጥቼ ምን ሊቀር?
"አስብበታለሁ" አልኳት። እንደ ሁልጊዜው። ደከመኝ።

መጋቢት 17
ፋብሪካው ወዳለበት ወደ ሁንግጎው ሄድኩ። እትዬ ኮው ወድቀው ዳሌያቸው ተጎድቷል ሲባል ሰምቼ። የፋብሪካው ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ናቸው፤ በፊልሙም የሠሩት ራሳቸውን ነው። ገና በር ስከፍት፦
"መጣህ? ሰፈሩ ውሸታም እያለኝ ነው!"
"ማን ነው ያለዎት?"
"ሁሉም! አትክልት ልገዛ ስወጣ 'ለተዋናይቷ መንገድ ልቀቁ' ይላሉ። 'ፊልምሽ የታለ?' ይላሉ። እውነትም፣ የታለ?"
ስለ ቢሮው ነገርኳቸው። በሩን አውጣ እንዳሉኝ።
"አውጣዋ!"
"እትዬ፣ እሱ እኮ የእውነት ልቅሶዎ ነው..."
ሳቃቸው ሳል ሆነ። "የምን እውነት! አራት ጊዜ በረዶ ላይ አስቀመጥከኝ። ቂጤ ደንዝዞ ነው ያለቀስኩት። አንተን እየረገምኩ!"
የበግ ሥጋ በድንች አቀረቡልኝ። እየበላሁ ቀስ ብለው፦ "እምቢ የምትለው ለማን ብለህ ነው? ለአንተማ አጨበጨቡልህ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ፣ ልጄ።"

መጋቢት 18
ባቡር ላይ። ቂጤ ደንዝዞ... ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ቀረ።

መጋቢት 23
አወጣሁት። ሩንዢ አጠገቤ ነበረች። ጎበዝም አላለችኝ፣ ፈሪም አላለችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

ሰኔ 2
ፈቃዱ ወጣ። የድሮ የካሜራ ባለሙያዬ ፌይ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ተሸጥክ" ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ቢሆንስ?

ሰኔ 18
ሁንግጎው ሲኒማ ቤት ታየ። ጠዋት፣ ሌላ ሰው በማይመጣበት ሰዓት። ሰፈሩ ግን የሱፍ ፍሬውን ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ። እትዬ ኮው በምርኩዝ፣ ፀጉራቸውን ተተኩሰው። መጨረሻው ወንበር ላይ ተደበቅኩ።
ገና ከመጀመሩ ሹክሹክታ። "ኮው፣ እንደ ዳክዬ ነው እንዴ የምትራመጂው?" "ዝም ብለሽ እዪ!"
ከዚያ ፊልሙ ከመኸር ወደ ፀደይ ዘለለ። በሩን ካወጣሁበት ቦታ። ጋሽ ዡዋንግ፣ መዳብ አቅላጭ የነበሩት፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ ይጮኻሉ፦
"በሩስ? በሩ የት ሄደ?"
"ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ!"
"ለምን ዝም እላለሁ? ፋብሪካው የተዘጋ ክረምት እኮ በሩ ላይ ነው የከረምነው!"
ከኋላ አንዲት ሴት፦ "እኔ ምድጃ ይዤ ነበር።"
"ያ ጭስ ያንቺ ነበር? ዓይኔን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?"
ሰዎቹ ሳቁ። ሌላው "የሊያን ልጅ ሳንባው በብርድ የተመታው እዚያ ነው" አለ። ሳቁ ቆመ።
እትዬ ኮው በምርኩዛቸው ተነሡ። "ሾርባ ነው እያልኩ ያጠጣኋችሁ ሙቅ ውሃ ነበር። አጥንቱ አልቆ።"
"እናውቃለን" አሉ ጋሽ ዡዋንግ። በዚህ ጊዜ አልጮኹም። "ጠጥተነዋል እኮ።"
ፊልሙን የሚያሳየው ሰው በሩን ከፍቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ላቁመው ወይ ማለቱ ነው። ተወው አልኩት በእጄ። በሸራው ላይ ፀደዩ ቀጥሏል። አንድም ሰው አያየውም። እኔም አላየሁትም።

ሰኔ 25
የቢሮዋ ሴትዮ ደወለች። ሁንግጎው ላይ "ጫጫታ ነበር" ተብሏል። ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች ወርዷል፣ ከሁሉም። "አይዘኑ፣ ዳይሬክተር ቺ።"
አዘንኩ እንዴ? ውስጤን ፈተሽኩ፣ ብዙ ሐዘን አላገኘሁም። እንቅልፌ መጣ። በቀን ተኛሁ።
ከሰዓት እትዬ ኮው ደወሉ። ውሸታም የሚላቸው ጠፍቷል፤ አሁን ስማቸው ዳክዬ ነው። ጋሽ ዡዋንግ ደግሞ ተቆጥተዋል። ለምን እኔ ፊልሙ ላይ የለሁም፣ የበሩን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ እያሉ። ባለ ምድጃዋ "ካሜራው ፊት መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ" ብላ ከእሳቸው ጋር ተኳርፋለች።
"ምን ልበላቸው?" አሉኝ።
"አይጣሉ በሏቸው።"
ስልኩን ዘጋሁ። ስስቅ ሩንዢ ከጓዳ ሰማችኝ። እጇን እያደረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።
"ሁንግጎው መቼ ነው የምትሄደው?" አለችኝ።
እሄዳለሁ አላልኳትም ነበር።