ያልነገርኩህ ዝማሬ

ውድ ኖርማን፣

ዛሬ ብቻዬን ረግረጉ ሄጄ ነበር። የኖሪች አውቶቡስ ዋናው መንገድ ላይ ስለሚያወርድ የቀረውን በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ። ካሜራህንም ይዤ ነበር። ምን ያህል እንደሚከብድ ሳትነግረኝ ነው የሞትከው።

ፎቶ ማንሳቱ ሰበብ ነው። የሄድኩት ለፌንጣ ወፍ ነው። ድምፅዋ እንደ ፌንጣ ሳያቋርጥ የሚንጫረረውን ያቺን ትንሽ ቡናማ ወፍ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ፣ እዚያው ቦታ ላይ “ትዘፍናለች” ብዬህ ልመለስ ነበር።

ቀጫጭን ድምፅ መስማት ካቃተህ ወዲህ ጆሮህ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻው ጸደይህ ወፍ መመልከቻው የእንጨት ጎጆ ውስጥ ተቀምጠን፣ ነፋሱ በጠባቡ መስኮት እየገባ፣ “አለች?” አልከኝ። ነበረች። ከፊታችን ሸምበቆው ውስጥ ትንጫረር ነበር። እኔ ግን እግሬ ረጥቦ፣ በርዶኝ፣ ቤት አንብቤ ያልጨረስኩት መጽሐፍ እየጠበቀኝ ነበር። “አለች” ካልኩህ እስኪጨልም ንቅንቅ እንደማትል አውቃለሁ። “የለችም” አልኩህ። ፔርሙስህን ከደንክና “ለከርሞ” አልክ። ለከርሞ አልደረስክም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። መውጫው ላይ ጓደኛህ ክላይቭ የዕለቱን ወፎች ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አገኘነው። የፌንጣ ወፍንም ጽፎ ነበር።

“አጥፋው” አልከው።

“በጆሮዬ የሰማሁትን?”

“ዶሪን የለችም ብላለች። ያንተ ጆሮ መነጽር ማንጠልጠያ ነው።”

ክላይቭ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እሱም ጽሑፉን በጃኬቱ እጅጌ አጠፋው። ያን መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ዛሬ ጎጆው ውስጥ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ክላይቭን። አርጅቷል፤ በሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ ሰክቷል።

“እሰይ፣ ጆሮ መጣልኝ!” አለ ገና ሲያየኝ። “ነይ ተቀመጪ። ይሄ መሣሪያ የሚያሰማኝ የሆዴን ጩኸት ብቻ ነው። ኖርማን የሚምልበት ጆሮ ምን ይላል? አለች?”

አዳመጥኩ። ዳክዬዎቹ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ነፋሱን ሰማሁ። ትንፋሼን ውጬ ደግሜ አዳመጥኩ።

“አልሰማም” አልኩት።

“የለችም?”

“የለችም አላልኩም። እኔ አልሰማም ነው ያልኩህ። ደንቁሬያለሁ መሰለኝ፣ ክላይቭ።”

“እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣሽ” አለና ከአይብ ዳቦው ግማሹን ሰጠኝ።

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለዚህ ነበር። ተነሥቼ ለመመለስ እንኳ አቅም አጣሁ። ብዙ ቆይቼ፣ እጄ ሥራ እንዲያገኝ ያህል፣ ካሜራህን አነሣሁና ሸምበቆውን በሌንሱ እያሰስኩ ሳለሁ አንዲት ቡናማ ወፍ ከደረቅ አገዳ ላይ አየሁ። አፏ ተከፍቷል። ጉሮሮዋ ይንቀጠቀጣል። ራሷን ወዲያ ወዲህ ታዞራለች፤ አፏ ግን አይገጠምም። ለእኔ ምንም ድምፅ የለም። አንተ የተቀመጥከው እዚህ ዝምታ ውስጥ ኖሯል። ከእኔ ቃል በቀር ምንም አልነበረህም።

“ክላይቭ፣ ትዘፍናለች” አልኩ። “ያን ቀንም ትዘፍን ነበር። ሰምቻት ነው የለችም ያልኩት። አንተ የጻፍከው ልክ ነበር።”

ክላይቭ ዓይኑን ከሸምበቆው አላነሣም።

“አንቺ ሴትዮ” አለ። “በደህናው ጃኬቴ እኮ ነው ያስጠፋሽኝ። ጠመኔው ዛሬም አለቀቀም።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይህን መስማት የነበረበት ግን እኔ አልነበርኩም” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልኩት።

ስንወጣ ጠመኔውን ሰጠኝና ስሟን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ያነሣኋት ፎቶ ደብዛዛ ነው። አፏ መከፈቱ ግን ይታያል።

ኖርማን፣ ነበረች። ከፊትህ ነበረች። እኔ ቶሎ ቤት መግባት ፈልጌ ነበር። ይኸው፣ ቤት ነኝ።

ያኔም ዛሬም የደከማት፣
ዶሪን