ፍሬም ውስጥ የገባችው ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ

ለክቡር የእርሻ መሣሪያዎች ማሠልጠኛ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ባለጉዳይ ሲመጣ ከወንበር ለመነሳት የሚያስቸግርዎት ወገብዎ፣ በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን አንድ ወሬ ላርም። ባሏ የሞተባት አሮጊት ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ከኃላፊው ቢሮ ሥዕል ሰርቃ ሄደች ይባላል። ስህተት ነው። ሥዕሉን አልሰረቅሁም። ከተሰቀለበት አወረድሁት፣ ከሥሩ የተጻፉትን ሰባት መስመሮች ገለበጥሁ፣ መስታወቱን በመሐረቤ ወለወልሁና መልሼ ሰቀልሁት። ቀድሞ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ነበር፤ አሁን ቀጥ ብሏል። ለዚህ ምስጋና አልጠብቅም።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልግለጸው። ማሠልጠኛዎ ለእኛ ሰፈር አራሾች የእጅ ትራክተር ይሰጣል። ይህም ሁለት ጎማ ያለው፣ ሰው ከኋላው እየተራመደ በሁለት እጀታ የሚመራው ሞተር ነው፤ እንደ ሥራው ዓይነት ማረሻ፣ ጓል የሚያደቅ መከስከሻ ወይም ጋሪ ይታሰርበታል። በእያንዳንዱ እጀታ ሥር እንደ ብስክሌት ፍሬን ያለ መጭመቂያ አለ፤ የግራው ሲጨመቅ ወደ ግራ፣ የቀኙ ሲጨመቅ ወደ ቀኝ ይዞራል ተብሎ ትምህርት ይሰጣል። ባለቤቴ ይህን ትምህርት ከእርስዎ ዘንድ ተምሮ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ፣ ትራክተሩን ይዞ መጣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፀጉር አስተካካይ የነበረ ሰው ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ወደ አባቱ መሬት ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ማረሻውን አስሮ ወደ ታችኛው ማሳ ቁልቁል ሲወርድ፣ በቀኙ በኩል ካለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ገባና ትራክተሩ ተገለበጠበት። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

መሥሪያ ቤትዎ በአምስተኛው ቀን ሪፖርት ላከልኝ። ፍጥነቱን አደንቃለሁ። አንድ ገጽ ነው፤ ሟቹ «ግራና ቀኙን ባለመለየቱ በራሱ ጥፋት» እንደሞተ ይገልጻል። ቀድሞ የደረሰለት ጎረቤታችን ብየዳ ሠራተኛው፣ የባለቤቴ እጅ የጨመቀው የግራውን እንደነበረ፣ ጣቶቹንም ከእጀታው ላይ አንድ በአንድ እንዳላቀቃቸው መስክሯል። ሪፖርቱ ለዚህም መልስ አላጣም፤ ግራው ተጨምቆ ቢሆን ትራክተሩ ወደ ግራ በዞረ ነበር፣ ስለዚህ ምስክሩ በድንጋጤ ተሳስቷል ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ግራ ቀኛቸውን የማያውቁ ሁለት ጎልማሶች ተገኙ ማለት ነው። ከገጹ ግርጌ ደግሞ፣ በቤቱ የሠለጠነ ሰው ስለሌለ ትራክተሩ እንዲመለስ የሚል ትእዛዝ ተጨምሯል። ስለዚህ በሰባ አንድ ዓመቴ ለሥልጠናው ተመዘገብሁ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን በቁጥር እያስቀመጥሁ፣ ለእያንዳንዱም እያመሰገንሁ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግቢዎ አመሰግናለሁ። የተማርንበት ሜዳ ሲሚንቶ የፈሰሰበት፣ የተደፋበት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ግራ እስኪገባው ድረስ ጠፍጣፋ የሆነ ነው። አሠልጣኙ እንደነገረን፣ በምረቃ ቀን የእንግዶች ወንበር እንዳይንገዳገድ ተብሎ ነው እንዲህ የተስተካከለው። በዚህ ሜዳ ላይ ግራውን ስንጨምቅ ወደ ግራ፣ ቀኙን ስንጨምቅ ወደ ቀኝ ዞርን። ዐሥራ ስድስት ነበርን፤ አንዳችንም አልተሳሳትንም። ከዐሥራ ስድስታችን መካከል ጠፍጣፋ መሬት ያለው ሰው አንድም አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ለአሠልጣኙ ርኅራኄ አመሰግናለሁ። ሞተሩን በገመድ ጎትቶ ማስነሳት ለእኔ ትከሻ ቀላል ስላልነበረ፣ በመጀመሪያው ቀን «እማማ፣ እርስዎ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ይዩ፤ ለሰርተፍኬቱ እኔ አለሁልዎት» ብሎኛል። አላረፍሁም። ሞተሩ በሦስተኛው ቀን፣ በዐሥራ አንደኛው ጉተታ ተነሳልኝ። ማንም አላጨበጨበም፤ እኔም አልጠበቅሁም። የሚታሰሩት መሣሪያዎች ግን ቀለማቸው እንዳይላጥ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ቀሩ። አሠልጣኙ በእንጨት እየጠቆመ ስማቸውን ነገረን፤ የመከስከሻውን ምላጮች የቆጠርሁት በላስቲኩ ላይ እየዳበስሁ ነው። እንዴት እንደሚታሰሩ ያስተማረኝ ሰርተፍኬት የሌለው ብየዳ ሠራተኛው ነው። «እትዬ፣ መጀመሪያ ሞተር ይጠፋል፣ ከዚያ እጅ ይገባል። ተራው ከተዛባ የገባው እጅ አይወጣም» አለኝ። የማረሻው ብሎን እስከ መጨረሻው ጠብቆ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እንደሚላላ፣ ማረሻው ትንሽ መወዛወዝ ካልቻለ ፈሩን ቀጥ አድርጎ እንደማይይዝም ከእሱ ተማርሁ። ስድስት ጊዜ አሰርሁ፣ ስድስት ጊዜ ፈታሁ። በሰባተኛው ጊዜ አላረመኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ መማሪያ መጽሐፉ አመሰግናለሁ። ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ መምህርት መጽሐፍ ከማንበባችን በፊት ገጹን ያስቆጥሩን ነበር፤ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ቆሞ ይውላል። ዛሬም ልማዴ ነውና ቆጠርሁ። ያደላችሁን ቅጂ ከገጽ ዐሥራ ስምንት ወደ ገጽ ሃያ ይዘላል። የዐሥራ ስምንት የመጨረሻ መስመር «ቁልቁለት ላይ ስለ መንዳት» የሚል ርእስ ነው፤ የሃያ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ «ማሽኑን በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁ» ይላል። በመጽሐፍዎ መሠረት ቁልቁለት ያጋጠመው ሰው መታጠብ ያለበት ማሽን ይዟል ማለት ነው። አሠልጣኙን ስጠይቀው «እማማ፣ እሷ ገጽ ሥዕል ብቻ ናት፤ ፈተና ላይም አትመጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልመጣችም። በፈተናው ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኘሁ፤ ሁለቱ የተቀነሱብኝ በመልስ ወረቀቴ ጠርዝ ላይ «ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ የለም» ብዬ በመጻፌ ነው።

የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ የባለቤቴን ቅጂ ከመሳቢያው አወጣሁ። እሱም ከዐሥራ ስምንት ወደ ሃያ ይዘላል። «ቁልቁለት ላይ ስለ መንዳት» ከሚለው ሥር በእርሳስ፣ በዚያ ረጋ ባለ ጽሕፈቱ፣ አንድ ቃል ጽፏል። «ይጠየቅ» ይላል። ጠይቆ እንደሆነ፣ ጠይቆም ምን እንደተባለ አላውቅም። መጽሐፉን መልሼ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥሁትና ልብስ አጣጠፍሁ።

አራተኛ፤ ስለ መጠበቂያ ክፍልዎ አግዳሚ ወንበር አመሰግናለሁ። ሪፖርቱ እንዲታረም ለማመልከት አራት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ፤ እንጨቱ ጥሩ ነው። ሦስት ጊዜ በጸሐፊዎ በኩል «የተፈረመ ሪፖርት አይነካም» የሚል መልስ ደርሶኛል። ከአግዳሚው ፊት ለፊት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ትራክተሩን እየመራ ለምለም ኮረብታ ቁልቁል ሲወርድ ያሳያል። ቀለሙ ያምራል። ጸሐፊዎም ሳየው አይታኝ፣ «ያምራል አይደል እማማ? ከመጽሐፉ ቆርጠን ነው ያስፈሬምነው፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የመረጡት» ብላኛለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ውሃም ሰጥታኛለች። ሦስቱን ቀን ባርኔጣውን ሳይ ዋልሁ። በአራተኛው ቀን የምሠራው ሳጣ የንባብ መነጽሬን አደረግሁና ተጠጋሁ።

ከሥዕሉ ጥግ ላይ ቁጥር አለ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ይላል። ከሥሩ የተጻፈውን ሌላው እንዲያነበው እንዳለ እገለብጣለሁ። «ቁልቁል ሲወርዱ መጭመቂያዎቹን በፍጹም አይንኩ። ቁልቁለት ላይ በተጨመቀው በኩል ያለው ጎማ ከሞተሩ ተላቆ ስለሚፈጥን፣ ማሽኑ ከጨመቁት ጎን በተቃራኒ ይዞራል። ግራውን ከጨመቁ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መውረድ ሳይጀምሩ ማርሹን ዝቅ ያድርጉ፤ በመሃል አይቀይሩ። ለመዞር እጀታውን በክንድዎ ይግፉ።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ወንበር ስቤ ቆምሁበትና ሥዕሉን አወረድሁ። ወሬው ከዚህ ላይ ነው የጀመረው።

ፍሬም ውስጥ የገባ ሁሉ እውነት ነው ብዬ ስለማላምን፣ በማግሥቱ ብየዳ ሠራተኛውን ይዤ፣ እሱ ባቃናው የባለቤቴ ትራክተር ከቤቴ ጓሮ ያለችውን አጭር ቁልቁለት ሞከርሁ። ማረሻ አላሰርንም። እሱ ከጎኔ እየሄደ፣ እኔ በዝቅተኛው ማርሽ እየወረድሁ፣ ግራውን ጨመቅሁ። ትራክተሩ ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ ላይ መልሰን እንደገና ግራውን ጨመቅሁ፤ ወደ ቀኝ ሄደ። ሦስተኛም ሞከርሁ። ብየዳ ሠራተኛው ቆቡን አውልቆ «በቃ እትዬ፤ በቃ፣ ገባኝ» አለ። ሞተሩን አጠፋሁ። ወደ ቤት ገባን።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ቦዩ በስተቀኙ መሆኑን አይቷል፣ ከሱ ለመሸሽ እርስዎ እንዳስተማሩት ግራውን ጨምቋል፣ ትምህርትዎንም እስከ መጨረሻው አጥብቆ ይዟል። ግራና ቀኝን በተመለከተ ደግሞ ይህን ይወቁልኝ። የዚያ ሰው ሥራ ሠላሳ ስምንት ዓመት መስታወት ፊት መቆም ነበር፤ የሰው ግራ በመስታወት ውስጥ ቀኝ ሆኖ እየታየው የአንድም ሰው ጆሮ ሳይነካ ሱቁን ዘግቷል። የእርስዎንም ፀጉር አስተካክሎ ያውቃል። ሁለቱም ጆሮዎችዎ በቦታቸው ናቸው፤ በአራተኛው ቀን በበሩ ክፍተት አይቻለሁ።

የምለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከሪፖርቱ ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው ለባለቤቴ ግራና ቀኙን ይመልሱለት፤ ለብየዳ ሠራተኛውም እንዲሁ። ገጽ ዐሥራ ዘጠኝንም ሰኞ የሚጀምሩት ሃያ አዲስ ሠልጣኞች ከመቀመጣቸው በፊት ወደ መጽሐፉ ይመልሱ። ግድግዳው ባዶ መቅረቱ ቅር የሚያሰኝዎት ከሆነ ሪፖርቱን ያስፈሬሙት፤ እሱም አንድ ገጽ ነው፣ ልኩ ይሆናል።

ለሜዳዎ ጠፍጣፋነት፣ ለላስቲክዎ ንጽሕና፣ ለአግዳሚዎም ጥንካሬ ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣ ከወንበርዎ የሚያስነሳ ችግር እንዳይገጥምዎት የምመኝልዎት፣

ከመቶ ዘጠና ስምንት ያገኘችው የእጅ ትራክተር ነጂ፣
የፀጉር አስተካካዩ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሰባቱን መስመሮች በእጄ ሠላሳ አምስት ጊዜ ጽፌአለሁ። ዐሥራ አምስቱ አብረውኝ ለተማሩት ደርሰዋል፤ ሃያው ሰኞ ጠዋት በበርዎ ላይ ቆሜ የማድላቸው ናቸው። ነገ ደግሞ አብረውኝ የተማሩት ወደ እኔ ማሳ ይመጣሉ። እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ወንበር የሚዘረጋበት ጠፍጣፋ ቦታ ግን የለም፣ ስለዚህ መቆም ግድ ይሆናል። ወሬ ከእኔ ቀድሞ እንዳይደርስዎ ነገ በቅድሚያ የማደርገውን እነሆ እዘረዝራለሁ። እርሳስ ቀርጬ በባለቤቴ መጽሐፍ ላይ «ይጠየቅ» ከሚለው ሥር «ተጠይቋል» ብዬ እጽፋለሁ። ዘይቱን አያለሁ፣ ነዳጁን እከፍታለሁ። ሞተሩ ሳይነሳ ማረሻውን አስራለሁ፣ ብሎኑንም ግማሽ ዙር አላላለሁ። ብየዳ ሠራተኛው ያስቀመጠልኝን የባለቤቴን ጓንት አደርጋለሁ፤ ይሰፋኛል። ከላይ ሳለሁ ማርሹን ዝቅ አደርጋለሁ። ሁለቱንም መጭመቂያዎች ሳልነካ እወርዳለሁ። ቦዩ አጠገብ ስደርስ በክንዴ ገፍቼ ወደ ግራ እዞራለሁ።