ቸኩላ የመጣች የልጅ ልጅ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ከቢሾፍቱ የመጡ የአንድ ቀን ጫጩቶች 200። መንገድ ላይ የሞቱ 4። ሱሉልታን ብርድ ይዟታል። አምፖሉን ዝቅ አደረግሁ።

ሲስተር ብርቱካን ከጤና ጣቢያ መጣች። ቀናቸው ሳይደርስ ስለሚወለዱ ሕፃናት ስብሰባ ልትጠራ ነው፤ ባነሯን ሱቄ ላይ ልስቀል ትላለች። ፈቀድኩ። ፀሐይ ይከልልልኛል። ስብሰባው ላይ ግን አልመጣም፣ የሚመለከታቸው ይምጡ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ። ተመለከተኝ። ልጄን ሃናን ምጥ ያዛት። ገና ስምንተኛ ወሯ።

ኅዳር 4

ሴት። መዳፌ ላይ ተኝታ ጥቂት ነው የምትተርፈው። ሆስፒታሉ አስቀርቷታል። የሃና እናት በሕይወት ብትኖር ምን እንደሚደረግ ታውቅ ነበር። እኔ የማውቀው ጫጩት ነው።

ኅዳር 15

ወጡ። አሁን ባሏ ቤት ናቸው። ባሏ ገመቹ የውሃ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ እናቱ አዴ ጫልቱም አብራው ትኖራለች።

ባዶ እጄን አልሄድኩም። አዲስ ካርቶን፣ ንጹሕ ገለባ፣ አምፖል ከነገመዱ። ትንሽ ፍጥረትን ከረሃብ በፊት የሚገድለው ብርድ ነው፣ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ኮርቼ ገባሁ። አዴ ጫልቱ ካርቶኑን አየች። እኔን አየች። የልጅ ልጇን ከዶሮ ጋር ቆጥሬባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ አምፖሉን ሰካሁ።

ሲስተር ስትመጣ አምፖሉን ነቀለች። ያቃጥላል፣ አያሞቅም። ከሰልም ክልክል። ልጅቱ ሽንት ጨርቅ፣ ካልሲና ኮፍያ ብቻ አድርጋ በሰው ባዶ ደረት ላይ ቀጥ ብላ ትታሰራለች፤ ከላይ ጨርቅ፣ ሌትም ቀንም። የእናት ጡት ብቻ። ቅቤ ማቃመስ የለም። አዴ ጫልቱ ያዘጋጀችውን ቅቤ መልሳ ከደነች፤ ቀስ ብላም የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አይበረክትም አለች። ሲስተር ግን ደንገጥ አላለችም፤ እናት ሆድ ውስጥ በቆየች ቁጥር ይሻላታል፣ አሁን ሙቀቷን እንጠብቅ አለች።

ኅዳር 18

ተመዘነች። አልጨመረችም። እስከ ዓርብ ካልጨመረች ወደ ሆስፒታል ትመለሳለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሃና ብዙ ደም ፈሷታል፤ ድካም ሲጥላት ልጅቱ አልጋ ላይ ትተኛለች። በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ እግሯ በረዶ። ሌላ ደረት ያስፈልጋል። አዴ ጫልቱን ሳል ይዟታል፣ አትቀርብም። ቀሪው ገመቹ ነው። ገመቹ መሬት መሬት ያያል። አባትም ደረቱ ላይ ይያዛት የሚለው ወሬ ፋብሪካ ደርሶ ጡት አበቀልክ ወይ እያሉት ነው። ሲስተር ለመነችው። ፈረቃ አለኝ ብሎ ወጣ።

እኔ እይዛለሁ አልኩ።

ሲስተር ሁኔታ አበዛች። ጫጩት ነክቼ ሕፃን አልነካም። ገላዬን ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ፣ በዚያው ቀን ሱቅ አልመለስም። ጫጩቶቹን ለጎረቤቴ አደራ ሰጠሁ። ዋጋ የምቆርጠው ግን እኔው ነኝ።

ኅዳር 19

ወንበር ላይ ተንጋልያለሁ። ሸሚዜ የለም። ልጅቱ ደረቴ ላይ። የደረቴን ጠጉር ጨምድዳ ይዛ ትተኛለች፤ በጉልበት አትታማም።

አዴ ጫልቱ አጥሚት ስታመጣልኝ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና በጎን ትገባለች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ አማች አላየችም።

ደንበኞቼ ገመቹ ቤት ድረስ መጥተው መስኮቱ ላይ ተሰለፉ። ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ደረቴን ያያሉ፣ ከዚያ ዋጋውን ይረሳሉ። ለእያንዳንዱ አስረዳለሁ። አንዷ ሴትዮ ልጅቱ ስትጮህ ሰምታ አንዱ ጫጩትዎ ሳይታመም አይቀርም አለችኝ። ሲስተር ባነሩን ከሱቄ አውርዳ እዚህ መስኮት ሥር ሰቀለችው።

ማታ ገመቹ ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆመ። ግድግዳ አየ።

ደብተሬ፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ይህ ልጅ ካገባ ጀምሮ ፊቴ እግሩን አነባብሮ አያውቅም። እኔ ቁጭ በል ካላልኩት አይቀመጥም። የአማቱን ራቁት ደረት ማየት ለሱ ከፋብሪካው ሳቅ ይከብዳል። ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሸሚዜንም አልፈለግሁም። በክርክር ቀድሞ የተናገረ ነው ዋጋ የሚቀንሰው።

ኅዳር 20፣ ማታ

ትናንት ማታ ገመቹ ጋቢ አምጥቶ እስከ አገጬ ሸፈነኝ። ዛሬ ስለሞቀኝ ገለጥኩት። መልሶ ሸፈነኝ። መልሼ ገለጥኩት። በመጨረሻ ተንበረከከ።

«አባባ፣ እባክዎ ይልበሱ። ይስጡኝ፣ እኔ እይዛታለሁ።»

እጅህን ታጠብ አልኩት። ታጥቦ ነበር የመጣው።

ደረቱ ላይ ስናደርጋት ትንፋሹን ያዘ። ይሰብራታል ብሎ ፈርቷል። ተንፍስ አልኩት፣ የሚያሞቃት እሱ ነው። እንባው መጣ። እኔ ሸሚዜን ልፈልግ ዞር አልኩ።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ጨመረች። ጥቂት ናት፣ ግን ጨመረች። ሲስተር ሁለቴ መዘነቻት። ሃና ሌሊቱን ተኝታ አድራለች፤ ወተቷም በዝቷል። አዴ ጫልቱ ያን የስምንት ወሩን ነገር ማን እንደተናገረው አታስታውስም።

ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ልጆች መጡ፤ መስኮት ላይ ተደራረቡ።

«ገመቹ፣ አራስ ነህ አሉ። ገንፎ እናምጣልህ?»

«አምጡ። ቅቤ አብዙበት። መግባት ግን የለም።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ልጅቱ ደረቱ ላይ ዘለለችና አፉን ያዘ። ሲበተኑ አንዱ ቀረ። ሚስቱ ገና ሰባተኛ ወሯ ነው፤ ሆዷ እየጠነከረ ይለቃታል፣ እሱ ድካም ነው ብሎ ነበር። ሲስተር ፊቷ ተለወጠ። ደም ካየች፣ ውሃ ከፈሰሳት፣ ሆዷም እንዲህ ከተመላለሰባት እስኪነጋ አይጠበቅም አለችው። ልጁ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ሮጠ። ማምሻውን ተደወለ፤ ሆስፒታል ናቸው፣ ምጡን ለማቆየት መድኃኒት ተሰጥቷታል።

ሲስተር ስብሰባውን አዳራሽ ውስጥ ላለማድረግ ወሰነች። እሑድ እዚሁ መስኮት ሥር ይሆናል። ተናጋሪው ገመቹ ነው። ወንበር የማቀርበው እኔ። እምቢ አላልኩም።

ነገ ጠዋት ገበያ መውጣት። ለገመቹ ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ። ሰፊውን።