ስሙን ቀይሮ ስለ መጣው የዘር መድኃኒት

ለአውራጃው የሰብል ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ንፋስ መውጫ

ግንቦት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በመጋዘናችን ያለው ሦስተኛ የዘር መድኃኒት ከፊተኞቹ ጋር ያለው ዝምድና ሳይመረመር እንዳይታደል ስለ መለመን

ጓድ ኃላፊ ሆይ፤

እኔ አቤት ባይ በቤተ ልሔም አካባቢ የምኖር የድጓ መምህር ስሆን፣ ማንበብና መጻፍ ስለምችል ገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊና የመጋዘን ቁልፍ ያዥ አድርጎ መርጦኛል። ምነው ባልተመረጥሁ ኖሮ!

1. በ1972 ዓ.ም. ዘር ከተባይ ይጠብቃል የተባለ ነጭ ዱቄት ታደለን። ጎረቤቴ ቸኮል በዱቄቱ ታሽቶ ከዘር የተረፈውን ገብስ አጥቦ፣ ቆልቶ በላ። እጅ እግሩን ሲያንቀጠቅጠው አድሮ በማግሥቱ ሞተ። መድኃኒቱ ታገደ፤ ቀሪውም ተሰብስቦ ተወሰደ። ለዚህ አመስግነናል።

2. በ1973 ዓ.ም. ሌላ ስም ያለው ቀላ ያለ ዱቄት መጣ። ያመጣው ሰው የታገደውን ስም ከወረቀት አንብቦ፣ ይህ እሱ አይደለም አለን። እውነቱን ነው፤ ስሙ እሱ አልነበረም። ከረጢቱን ስፈታው ግን ሽታው ያው የፊተኛው ነው። ስለ ሽታ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልሁ። ዝም ብዬ ብቻ ብቀር ምን ነበረበት! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቤ፣ “ይህ ሌላ ነው፣ አትፍሩ” ያልሁ እኔው ነኝ።

3. በነሐሴ እህል አለቀ። በእኛ አገር በክረምት የተረፈ ዘር አጥቦ መብላት የቆየ ልማድ ነው። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ገብሱን በአመድ ውሃ ደጋግማ አጠበችው። ከመቁላቷ በፊት፣ “መሪጌታ፣ ይኼ ያ የፊተኛው ነው እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኋትና ለፍልሰታ ሱባኤ ወጣሁ። ማምሻውን ተጠርቼ ስደርስ ጥርሷ ገጥሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። ዛሬም ማኅሌት ቆሜ ሳለሁ ጥያቄዋ ከሴቶች መቆሚያ በኩል ይሰማኛል፤ ዜማውም ይጠፋብኛል።

4. ቀላ ያለውም ታግዶ፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛው መጥቷል። ስሙ ሌላ፣ መልኩ ቢጫ ነው። አሥራ ሁለት ከረጢት ቆልፌበታለሁ፤ ሽታው ግን በበሩ ሥር ይወጣል። ሊቀ መንበራችን ጓድ ሞላ እስከ ግንቦት 20 ቀን ካላደልሁ ምርት በማደናቀፍ እንደሚከሱኝ በጽሑፍ አስጠንቅቀውኛል። አልፈርድባቸውም፤ የዘር ወቅት ደርሷል።

ጓድ ኃላፊ ሆይ፣ እኛ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን። ሙሽራው ስሙ ሌላ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው ብለን ዝም አንልም፤ አያቱ ማን ነው እንላለን። ለጋብቻ የምናደርገውን ለምንበላው እህል ሳናደርግ ቀረን። አንዱ በታገደ ቁጥር ዘመዱ በሌላ ስም እየተተካ፣ እኛም ምንነቱን በሰው ሞት እያወቅን እስከ መቼ እንኖራለን?

ስለዚህ ሦስቱ ለየብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን ቀርበው፣ ከምን እንደ ተሠሩና በምን እንደሚዛመዱ በባለሙያ እንዲመረመሩ እለምናለሁ። ዘመዳሞች ከሆኑ እገዳው በአንዱ ስም ላይ ሳይሆን በዘራቸው ሁሉ ላይ ይውደቅ። የሚተካውም ከዚያ ዘር ውጭ ይሁን። ለምርመራው እንዲረዳ ከሦስቱም ጥቂት ጥቂት በየጨርቁ ቋጥሬ ልኬአለሁ። ነጩ የቸኮል ሚስት ባንቺዓለም ከቤቷ ጓዳ አግኝታ የሰጠችኝ ነው። እባክዎ በባዶ እጅ አይንኩት።

ማንጠግቦሽ የጠየቀችኝን ዛሬ እኔ እርስዎን እጠይቃለሁ፦ ይኼ ያ የፊተኛው ነው? እኔ ሳላውቅ መልሻለሁ። እርስዎ አውቀው፣ በማኅተም አስደግፈው እስኪመልሱልኝ ድረስ የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገቴ አይወርድም። ቢያስሩኝም አብሮኝ ይታሰራል።

ከአክብሮትና ከጭንቅ ሰላምታ ጋር
መሪጌታ ወልደ ሰንበት ተሻገር
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር