የዓሣው ማጣሪያ ውድቅ ይደረግልኝ

ቀን፦ ሰኔ 11

ለውሃ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በገዛ ፈጠራዬ ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት እንዲለጠፍልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ቢሮዎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሥራዬ ይታወቅልኝ እንደሚል አውቃለሁ። እኔ የመጣሁት ሥራዬ እንዲናቅልኝ ነው። ጉዳዬን በቃል ባስረዳቸው ጸሐፊዎ «አባቴ፣ ተሳስተው እንዳይሆን?» አሉኝ። አሁንስ አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት ቀደም ብዬ ነው።

1. ሠላሳ አንድ ዓመት በገበያ ዓሣ ሳጸዳ ኖሬአለሁ። በዓሣ ጉሮሮ በኩል እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ አጥንት አለ። ውሃው በአፉ ገብቶ በጎን ሲወጣ፣ ምግቡ ማበጠሪያው ላይ ሳይጣበቅ እየተንሸራተተ ወደ ሆዱ ይሄዳል። ይህን ዕድሜ ልኬን ቆርጬ ስጥል ኖሬ፣ ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ሊቅ ሆንኩ።

2. ባለቤቴ ፀጉር ሠሪ ናት። አሥራ አራት ማበጠሪያዎቿን ወስጄ በሰፊ ቧንቧ ውስጥ አጋድሜ ደረደርኩና ጣሪያ ላይ ካለው የሕንፃችን ታንከር ጋር አገጣጠምኩ። (የማበጠሪያዎቹን ጉዳይ እሷ ለብቻው አቤት ትላለች።) ጭቃ ይወርድበት የነበረው ቧንቧ ኩልል ያለ ውሃ ሰጠ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! በየደረጃው ቆሜ በብርጭቆ እየጠጣሁ «ከእንግዲህ ማፍላት ቀረ» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

3. የክፍልዎ ባለሙያ የውሃውን ድፍርስነት ብቻ ለክተው፣ ጥሩ ጅምር ነው ብለው የማበረታቻ ምስክር ወረቀት ሰጡኝ። እኔም በመስተዋት አስገብቼ የሕንፃው መግቢያ ላይ ሰቀልኩት።

4. ከወር በኋላ ባለሙያውን «ጀርሙስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማበጠሪያ ጭቃ እንጂ ጀርም አይዝም፤ ውሃው ይፍላ» አሉኝ። ያኔውኑ «ውሃውን አፍሉ» እያልኩ በየበሩ ዞርኩ። የምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ «ትሕትናህ ነው» አለኝ። የሁለተኛ ፎቋ አስተማሪ «ሊሸጡት አስበው ነው የሚያስፈራሩን» አለች። ምስክር ወረቀቱን አውርጄ ብደብቀው ልብስ ሰፊው ፎቶ ኮፒውን ሦስት ቦታ ለጠፈው። ማጣሪያውን ልነቅል ጣሪያ ልወጣ ስል መሰላሉን ወሰዱብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ግን ሞኙም እኔ፣ ወረቀቱም የእኔው ነው።

5. ልጄ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። የአምስት ወር ሕፃን አለቻት፤ የዱቄት ወተቷን የምትበጠብጥላት በእኔ ውሃ ነው። እንድታፈላው ብለምናት «አባዬ፣ አንተ የሠራኸውን ካላመንኩ የማንን ልመን?» አለችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ያስለቅሰኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አስፈራኝ። ባለፈው ሳምንት ሕፃኗን ሁለት ቀን ተቅማጥ ያዛት። እናቷ ጥርስ ልታወጣ ነው አለች። ጥርስ ያድርገው።

ስለዚህ ውሃው በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ ከምስክር ወረቀቱ በሚበልጥ ወረቀት፣ በዚያው ማኅተም «ሳይፈላ አይጠጣ» ተብሎ መግቢያችን ላይ እንዲለጠፍ በትሕትና እጠይቃለሁ። የእኔ አፍ ማኅተም የለውም።

እስከዚያው በየማለዳው የልጄን ጀሪካን «ልቅዳልሽ» ብዬ እወስድና፣ ቤቴ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ እመልስላታለሁ። ብነግራት ጀሪካኑን ትቀማኛለች ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ሕፃኗን ታቅፋ «አየህ አባዬ፣ ተሻላት! ማጣሪያህ እኮ እያደር ጎበዘ» አለችኝ፤ ወርዳም ለልብስ ሰፊው ነገረችው። እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋናውን ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍጠኑልኝ፤ እኔ አፍልቼ የምደርስለት አንድ ጀሪካን ነው፤ ሕንፃው አሥራ ስድስት ቤት አለው።

ከአክብሮትና ከኀፍረት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሦስተኛ ፎቁ ዓሣ አጽጂ፣
በጎረቤት አጠራር «ኢንጂነሩ»