አጎበር የለበሰው ቅርንጫፍ

ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ መቱ

ጎረቤቴ ጋሼ ከድር ንብ ያረባሉ። «ያለኔ ንቦች ቡናሽ አያፈራም» ሲሉኝ ብሽቅ ብዬ፣ የካቲት ላይ አበባው ሳይፈነዳ አንዱን ቅርንጫፍ በአጎበር ቁራጭ ሸፈንኩት። ዛሬ አብረን ገለጥነው። አረንጓዴ ፍሬ ጢቅ ብሎበታል! ንብ ሳይነካው፣ በራሱ የአበባ ብናኝ። የጥንት ቅድመ አያቶቹ ከሌላ ዛፍ ብናኝ ካልመጣላቸው አያፈሩም ነበር፤ ይሄ ግን በረጅም ዘመን ብቻውን መቻልን ለመደ። እንዴት ያለ ፍጥረት ነው! አስተማሪ አይደለሁ፣ ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ፍሬውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «እሺ ልጄ፣ ብቻውን ከቻለ ያን ሁሉ መዓዛ ለማን ብሎ ነው የሚረጨው?» አሉኝ።

የድሮ ልማዱ ነው ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ብቻውን ችሎም እንግዳ መጥራቱን አልተወም። አጎበሩን አጥፌ ገባሁ።