ስላልተነበቡት አርባ አንድ ደብዳቤዎችና ስለ አንድ ንጹሕ ዜሮ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎ፣ በተለይ ዓይንዎ፣ ደህና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከቀጠሮ መስኮት ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩ ሰው ስለሆንኩ ለማንም ከዚህ የተሻለ ምኞት የለኝም። ቤተሰብዎም፣ ሁለቱ ረዳቶችዎም፣ በቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈው «ችግርዎን በኢሜይል ብቻ ያሳውቁ» የሚለው ማስታወቂያም በሰላም እንዳሉ እምነቴ ነው።

እኔ በዓይን ሕክምና ክፍል ቀጠሮ መዝጋቢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሌሎችም ስለሚያነቡት ሥራዬን ባጭሩ እንድገልጽ ይፍቀዱልኝ። ቀዶ ሐኪሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፣ ሁለት ሁለት ሳምንትም ይቆያሉ። ተራው የደረሰ ታካሚ በተሰጠው ቀን ውስጥ እንደሚመጣ በኢሜይል ካላረጋገጠ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል፤ ፋይሉ ላይ «አላረጋገጠም» ተብሎ ይጻፍና ስሙ ወደ ተራው መጨረሻ ይወርዳል። የማረጋገጫ ደብዳቤዎቹ በኮምፒዩተሬ ላይ ባለው የኢሜይል ፕሮግራም በቀጥታ ወደ አንድ ፎልደር ይገባሉ፤ ከፎልደሩ ስም አጠገብ ያልተነበቡት ብዛት በቁጥር ይታያል፤ ያልተከፈተ ደብዳቤ ርዕሱ ደምቆ ይጻፋል፣ ሲከፈት ይቀጥናል። ጠዋት በመስኮቱ በኩል ሰው አስተናግዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የደመቁትን እከፍታለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሰውም ሲያየው ከዚህ የሚቀል ሥራ ያለ አይመስለውም።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከአራት ወር በፊት ቁጥሩ አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። በፎልደሩ ውስጥ አንድም ያልተከፈተ ደብዳቤ አልነበረም፤ ይህንንም የማውቀው ከሺህ የሚበልጡትን ሁሉ አንድ በአንድ ወርጄ ስላየሁ ነው። ለክፍልዎ በኢሜይል አመለከትኩ። በስድስተኛው ቀን ከረዳቶችዎ አንዱ ደውሎ «አጥፍተህ አብራው» አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ አሥራ ሰባት። ላገኘሁት ፈጣን አገልግሎት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ። እርስዎ ባመነጩት ድንቅ ሐሳብ መሠረት በየሳምንቱ ዓርብ የእያንዳንዱ ክፍል ያልተነበበ ደብዳቤ ብዛት በኮሪደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ዜሮ ያለው በአረንጓዴ፣ ሌላው በቀይ። ለዘጠኝ ዓርብ በቀይ ተለጠፍኩ። በአሥረኛው «ለሥራው ትጋት የጎደለው» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የክፍላችን ዋና ነርስ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው፣ በኮሪደሩ ባለፍኩ ቁጥር «አሥራ ሰባት መጣ፣ መንገድ ልቀቁ!» ይሉ ጀመር፤ ዛሬ ፋይል አመላላሿ ሳትቀር የምትጠራኝ በዚሁ ስም ነው። ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም እርስዎ በአራት ወር ውስጥ ለማስረሳት መቻልዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛ። በአራተኛው ማመልከቻዬ ሌላው ረዳትዎ በአካል መጣ። ስክሪኑን ጥቂት አየ፤ ከቁስል ማሸጊያ ክፍል ፕላስተር አስመጣ፤ ጣት የሚያህል ቆርጦ ቁጥሩ ላይ ለጠፈበት። «አሁን ይታይሃል?» አለኝ። አይታየኝም አልኩት። «በቃ፣ ተስተካክሏል» ብሎ የሥራ ቅጹን አስፈርሞኝ ሄደ። የማይታይ ነገር እንደ ተፈወሰ የሚቆጠርበት ትምህርት በዓይን ሕክምና ክፍል ውስጥ መሰጠቱን ግን ሐኪሞቻችን እስካሁን እየተነጋገሩበት ነው።

አራተኛ። የቦርዱ አባላት ሊጎበኙን በመጡበት ዓርብ፣ እኛ ምሳ ላይ ሳለን፣ እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ በሆስፒታሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ያለውን ደብዳቤ በአንድ ትእዛዝ «ሁሉም ተነቧል» አሰኙት። ስመለስ ፕላስተሩን ላጥኩ፤ ዜሮ ነበር። አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። ዋና ነርሷ አጨበጨቡ፤ «አሥራ ሰባት ዳነ!» አሉ። ቦርዱ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ አየው፤ እርስዎም የምስጋና የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ በጥሩ ፍሬም ውስጥ ከወንበርዎ በላይ መሰቀሉንም ሰምቻለሁ።

በዚያ ጠዋት ግን ወደ ፎልደሩ አርባ አንድ ደብዳቤዎች ገብተው ነበር። አንዱንም አልከፈትኩም፤ የምከፍተው ከሰዓት በኋላ ነዋ። ሁሉም ቀጥነው ጠበቁኝ፤ በሺህ ከሚቆጠሩት አሮጌዎች የሚለያቸው ምልክት አልነበራቸውም። ቁጥሩ ዜሮ፣ የደመቀ የለ፤ ኮምፒዩተሬን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከአርባ አንዱ አርባዎቹ ስልክም ስለ ደወሉ ወይም በአካል ስለ መጡ ተረፉ።

አንዱ አልተረፈም። ለዚህ ቁጥር አልሰጠውም፤ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

ከሆስፒታሉ በር ትይዩ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት የሰፉትን ልብስ ሰፊ ያውቋቸዋል። እርስዎ ባያስታውሱ እንኳ ትከሻዎ ያስታውሳቸዋል፤ የለበሱትን ነጭ ጋዋን የሰፉት እሳቸው ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የግራው ግፊት እየጨመረ ነው፤ ሐኪሙ በፋይላቸው ላይ «ከሁለት ወር በላይ አይታገሥም» ብለው ጽፈዋል። ልጃቸው ያን ዓርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ «አባቴ ይመጣል፣ እግዜር ይስጥልን» ብላ አረጋግጣ ነበር። ቦታቸው ለሌላ ተሰጠ።

በቀጠሯቸው ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ልጃቸውን ተመርኩዘው መጡ። ስማቸውን ከዝርዝሩ አጣሁት። ልጅቷ ስልኳን በመስኮቱ አሾልካ የላከችውን አሳየችኝ፤ ቀኑም ሰዓቱም ነበረበት። አዛውንቱ ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ ስህተቱ የእኛ ይሆናል፤ እሷ በዚህ ነገር አዲስ ናት» አሉኝ። እኔ ደብዳቤውን ከፎልደሩ አውጥቼ እያየሁት ነበር፤ ቀጥኗል፤ የተነበበ ይላል። ክቡር ሆይ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከመስኮቱ ጀርባ የተደበቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ቀን የራጅ ክፍሉ ባለሙያ፣ ዝም ስለሚል «ጸጥታ» የምንለው፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ክፍሌ ገባ። የእርስዎ ዜሮ ሰኞ ጠዋት ወደ አሥራ ሰባት ተመልሶ ስለነበር ችግሩን ለማየት አልተቸገረም። ፕሮግራሙ ደብዳቤዎቹን በየጊዜው እንደማይቆጥር፣ አንዴ ቆጥሮ ውጤቱን በጎን ማስታወሻ እንደሚይዝ፣ ያ ማስታወሻ ሲበላሽ ቁጥሩ እንደሚዋሽ ነገረኝ። የፎልደሩን ስም በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነካ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ መጠገኛውን መረጠ፣ ፕሮግራሙም ማስታወሻውን ጥሎ ከሥር ጀምሮ እንደገና ቆጠረ። አንድም ደብዳቤ አልተነካም፤ የደመቀው እንደደመቀ፣ የቀጠነው እንደቀጠነ ቀረ። አራት ደቂቃ ፈጀበት፤ ሻዩ አልበረደም። አራት ወር ከአራት ደቂቃ ጋር ሲተያይ የክፍልዎን ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር በጉልህ ያሳያል።

አሁን ወደምለምንዎት ነገር ልምጣ። ቀዶ ሐኪሙ እስከ ቅዳሜ አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመለሱት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ዋና ነርሷ፣ አሁን ሳቃቸውን ትተው፣ «ከኮምፒዩተር ክፍል አንድ መስመር አምጣልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት አስገባቸዋለሁ» ብለውኛል። የሚያስፈልገው መስመር «ደብዳቤው በጊዜው ደርሷል፣ የተነበበ ያሰኘነው እኛ ነን» የሚል ነው፤ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት መድረስ አለበት። ይህን በጸሐፊዎ በኩል ስጠይቅ «መዝገቡ ደብዳቤው መነበቡን ያሳያል» የሚል መልስ ላኩልኝ፤ አያይዘውም «አንብቦ ቸል ብሏል» ሲሉ በእኔ ላይ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ጻፉ። መዝገቡን ራስዎ ጽፈው ራስዎ ምስክር መጥራትዎ ድካም ይቀንሳል፤ ይህንንም አደንቃለሁ። የእኔን ጉዳይ እንደፈለጉ ያድርጉት፤ ማስጠንቀቂያ ለምጃለሁ፤ ቢያባርሩኝም ሁለት ዓይን ይዤ ነው የምወጣው። እሳቸው የቀራቸው አንድ ነው።

እንግዲህ ከኮሪደሩ ማዶ ሆኜ፣ የምስክር ወረቀትዎን አቧራ እንዳይነካው፣ ወንበርዎ ምቾት እንዳይጓደልበት፣ ለእርስዎም እግዜር የልብስ ሰፊውን ሁለት ወር የሚያህል ትዕግሥት እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
በሰሌዳው ላይ በቀይ የሚያውቁኝ ቀጠሮ መዝጋቢ፣ «አሥራ ሰባት»

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በበርዎ ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት ባለፉት ስድስት ቀናት አራት ጊዜ በኢሜይል ልኬልዎታለሁ። ጸሐፊዎ ስክሪንዎን በቅንነት አይታልኝ «ምንም አዲስ የለም፤ ቁጥሩ ዜሮ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ከዓርብ ቁጥሮች አጠገብ፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገደድኩ። ልብስ ሰፊው ሐሙስ ጠዋት ራሳቸው ወደ ቢሮዎ ይመጣሉ። በበሩ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ስለማይችሉ ያንኳኳሉ፤ እባክዎ ይክፈቱላቸው። ማንነትዎን ቢሸሽጉም ግድ የለም፤ እጃቸውን ጋዋንዎ ላይ ሲያሳርፉ የራሳቸውን ስፌት ያውቁታል።